ከመፍረሱ በፊት ማን ቆጠረው? ከአራዳ እስከ ጎሬ፦ የከተማ ቅርስና የአዲስ ግንባታ ሙግት

(በመቱ ከተማ ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)

 

የዛሬው ርእሴ ሁላችሁም በየቤታችሁ የምትወያዩበት ጉዳይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ «ኮሪደር ልማት» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። መንገድ ይሰፋል፣ የእግረኛ መሄጃ ይነጠፋል፣ መብራት ይተከላል፤ በዚያው ልክ በመንገድ ዳር የቆሙ አሮጌ ቤቶች ይነሣሉ። ስለዚህ ሥራ የምንሰማው ክርክር ብዙውን ጊዜ ሁለት ጽንፍ ይዟል። አንዱ ወገን «መጸዳጃ የሌለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የማይገባበት ሰፈር ቅርስ ሊባል አይችልም» ይላል። ሌላው ወገን «ታሪካችን በዶዘር ተጠረገ» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የሚያልፉት አንድ ቀዳሚ ጥያቄ አለ፦ ከመፍረሱ በፊት ምን እንደ ነበረ ማን ቆጠረው? ማን ለካው? ማን መዘገበው? ያልተቆጠረ ነገር ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ዳኛም ምስክርም የለውም። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ማረፊያውም የራሳችን ከተሞች፣ በተለይም ጎሬና መቱ ናቸው።

አራዳ፦ በየዘመኑ የፈረሰና የተሠራ ሰፈር

ከአዲስ አበባ መጀመር ያለብን ሙግቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው እዚያ ስለሆነ ነው። አራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተመሠረተ ገበያ ዙሪያ ያደገ ሰፈር ነው። የሀገር ውስጥ ነጋዴ፣ የአርመን ግንበኛ፣ የህንድ አናጢ፣ የግሪክ ባለ ሱቅ በአንድ መንገድ ዳር ኖረውበታል። ከድንጋይ በተሠራ መሠረት ላይ የቆመው፣ የእንጨት ሰገነትና የቆርቆሮ ክዳን ያለው የአዲስ አበባ ቤት የእነዚህ ሁሉ እጅ ያረፈበት ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን ዋና ምስክር ነው፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ የእሳት ቃጠሎ ክፉኛ መጎዳቱንም ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

አራዳን ለመጀመሪያ ጊዜ «በዘመናዊ» ስም ሊያፈርሱ ያሰቡት ግን የዛሬ ሰዎች አይደሉም። ጣሊያን ከተማዋን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ነባሩን ከተማ እንደሌለ ቆጥሮ፣ በባዶ መሬት ላይ እንደሚሠራ ሁሉ ሰፊ ጎዳና የሚሰነጥቀው ንድፍ ሥሎ ነበር። የእርሱ ንድፍ ሥራ ላይ አልዋለም። በሥራ ላይ የዋለው የጣሊያኖቹ የጉዊዲና የቫሌ ዕቅድ ነው፤ ዋና ዓላማውም አውሮጳውያኑንና «ተወላጆቹን» በሰፈር መለየት ነበር። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሰፈር ተወለደ፤ ነባሩ ቦታ ደግሞ ፒያሳ የሚል የጣሊያን ስም ያዘ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ዛሬ አራዳን ለመጠበቅ ሲሉ ድምፃቸውን የሚያሰሙ ወገኖች ሊጠብቁት የሚፈልጉት ሰፈር ራሱ በአንድ ወረራ ተቀርጾ የተረፈ መሆኑን ማስታወስ ይገባቸዋል። ከተማ እንደ ብራና ነው፤ ተፍቆ ይጻፍበታል፣ የቀድሞው ጽሕፈትም ከሥር ይታያል።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሌላ ጽሕፈት መጣ። በ1950ዎቹ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፎች የሆኑት የአፍሪካ አዳራሽና የማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ተሠሩ፤ በሄንሪ ሾሜት የተነደፈው ክብ የባንክ ሕንጻም በዚሁ የግንባታ ዘመን ተከተለ። በዘመናቸው እነዚህ ሕንጻዎች «አዲስ» ነበሩ፤ የድሮውን መልክ የሚያጠፉ የሚመስሏቸው ሰዎችም ነበሩ። ዛሬ ግን እነርሱ ራሳቸው ቅርስ ሆነዋል። የአፍሪካ አዳራሽ የ1953 ዓ.ም. መልኩን ጠብቆ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። የንግድ ባንክ ባለ 209 ሜትር ሕንጻ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅም ክቡ አሮጌ ሕንጻ አልተነሣም፤ ረጅሙ ከአጭሩ ጎን ቆሟል። ይህን የምጠቅሰው አዲስ መገንባትና አሮጌውን ማቆየት እርስ በርሳቸው የሚጠፋፉ ጠላቶች እንዳልሆኑ በራሳችን ዋና ከተማ ስለሚታይ ነው።

ቤት በዶዘር ብቻ አይፈርስም

በ2016 ዓ.ም. የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ያሉ ሰፈሮች፣ ከእነርሱም መካከል ዶሮ ማነቂያ፣ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ኃላፊዎቹ የታወቁ ቅርሶች ተለይተው እንደሚጠበቁ ተናገሩ። ተቺዎቹ ደግሞ ቅርሱ ነጠላ ሕንጻ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ አቀማመጥ፣ ጠባብ መንገዱ፣ ከሁሉም በላይ እድሩና ጉርብትናው ነው አሉ።

በታሪክ ባለሙያ ዓይን ስመለከተው የዚህ ፈረሳ መነሻ 2016 አይደለም። መነሻው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለብዙ ድኻ ተከራይ እፎይታ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን አብዛኞቹ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራዩ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይነካ ቀረ፤ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ የሚቀይር አልነበረም። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ አያድሰውም፤ ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው አያድሰውም። አንዱ ክፍል ለሦስት ተከፈለ፣ ሰገነቱ በቆርቆሮ ተዘጋ፣ ግቢው በተቀጥላ ቤት ተሞላ። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ መሐንዲስ መጥቶ «ይህ ለኑሮ የማይመች የተጎሳቆለ ሰፈር ነው» ቢል፣ ስለ ቤቱ ሁኔታ የተናገረው እውነት ነው፤ ስለ ቤቱ ዋጋ ግን ምንም አልተናገረም። ዶዘሩ የመጣው የቤቱ ሞት ከተጀመረ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ስለ ጎሬና ስለ መቱ ስንነጋገር የምንፈራው ነገር ዶዘሩን ብቻ እንዳይሆን ነው። በእኛ አገር ከዶዘሩ የቀደመ ሌላ አፍራሽ አለ፤ እርሱም ዝናብ ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የጭቃ ግድግዳ የጣሪያው ክዳን ከተነሣ በእኛ ክረምት ብዙ አይቆይም።

ጎሬ፦ የተረሳች ዋና ከተማ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከዚህ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ተማሪዎቼን ይዤ ስወጣ ብዙዎቹ እዚያ ምን እንደ ተፈጸመ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ በአጭሩ ልዘርዝረው።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የኢሉ ምድር ወደ ምኒልክ ግዛት ሲጠቃለል ሹመቱ የተሰጠው ለተሰማ ናደው ነበር። ጎሬን መቀመጫ አደረጓት። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ጦራቸውን ይዘው በባሮና በሶባት ወንዞች ሸለቆ እስከ ነጭ ዓባይ የደረሱት ከዚሁ አገር ተነሥተው ነው፤ ከእነርሱም ጋር ፈረንሳውያንና አንድ ሩሲያዊ መኮንን ነበሩ። በዚያ ሰሞን እንግሊዝና ፈረንሳይ በፋሾዳ ሲፋጠጡ የአፍሪካን ካርታ የሚወስነው እሽቅድምድም አንዱ መሥመር በእኛ ተራሮች በኩል ያልፍ ነበር። ተሰማ ናደው በኋላ ራስ ቢትወደድ ተብለው የልጅ ኢያሱ ሞግዚት እስከ መሆን ደርሰዋል፤ በ1903 ዓ.ም. አረፉ።

ሁለተኛው የጎሬ ታሪክ የቡና ታሪክ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በባሮ ዳር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በጋምቤላ ለእንግሊዝ ተፈቀደ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይወጣ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በአጋሰስና በሰው ጀርባ ከደጋው ወርዶ በዚያ ይጫናል፤ ጨው፣ አቡጀዲና ቆርቆሮ ወደ ላይ ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጎሬ ሱቅ ከፈቱ፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ተቋቋመ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ባቡር ብቻ እንዳልተሸከመ፣ በምዕራብም በኩል የራሱ በር እንደ ነበረው የሚመሰክሩት የእነዚህ መጋዘኖችና ሱቆች ቅሪት ናቸው።

ሦስተኛው ታሪክ የ1928 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ መንግሥቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በጎሬ ጊዜያዊ መንግሥት ተቋቁሞ ነበር፤ የበላይ ኃላፊው ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው ወደ ምዕራብ መጡ። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ ሰባት ወር ያህል፣ የነጻይቱ ኢትዮጵያ አስተዳደር መቀመጫ ጎሬ ነበረች ማለት ነው። በኅዳር 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎሬን ያዘ፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል በዚያው ዓመት በጎሬ በጣሊያኖች ተገደሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የአቡነ ሚካኤል ወንድም ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ። የአዲስ አበባው ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል ከቦታው ሲነሣ አገር ተነጋገረ፤ ጋዜጦች ጻፉ፤ ሐውልቱ በብሔራዊ ሙዚየም ቆይቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ያ ሐውልት የተመለሰው ብዙ ሰው ስሙን ስለሚያውቀው ነው። የጎሬው ሰማዕት ታሪክ የተፈጸመባቸው ቦታዎች ነገ መንገድ ቢወጣባቸው ስንት ሰው ያውቃል? ስንት ሰውስ ይጠይቃል?

ከነጻነት በኋላ ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የመኪና መንገድ ዞረ፤ የጋምቤላው የመርከብ መሥመር ተዳከመ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። መቱ አደገች፤ ሆስፒታሉ፣ ቢሮው፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ወደ እርሷ መጡ። ጎሬ ቀረች። በታሪክ እንደዚህ ያለ ነገር ደጋግሞ ታይቷል፤ ገንዘብ የሸሻት ከተማ ብዙ አዲስ ቤት ስለማይሠራባት አሮጌው ይቆይላታል። ጎሬን እስካሁን የጠበቃት ጥበቃ ሳይሆን ረስተናት መኖራችን ነው። አሁን ግን ጎሬም የልማት ተራዋን ትጠብቃለች፤ መጠበቋም ተገቢ ነው። ነዋሪዎቿ ንጹሕ ውኃና ጥሩ መንገድ ለመፈለግ የታሪክ ምሁር ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

የማን ቅርስ?

ይህን ስናገር ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ በልባቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ጮክ ብዬ ላንሣው። «የራስ ተሰማ ግቢ ለእኔ ምኔ ነው? አያቴ በዚያ ግቢ ገባር ሆኖ እንጨት ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። ለምን ልጠብቀው?»

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ጠያቂውን አላዋቂ ብሎ ማለፍም ነውር ነው። በኢሉባቦር የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት እንዴት እንደ ሠራ እናውቃለን። ገበሬው ግብር ከማስገባቱ ሌላ እንጨት ይለቅም፣ እህል ይፈጭ፣ ቤት ይሠራ፣ ዕቃ ይሸከም ነበር። በዚህ አገር የባሪያ ንግድም ነበር። በጎሬ ኮረብታ ላይ የተነሣ የሹም ቤት ሁሉ ድንጋዩን ያነሡት፣ ግንዱን የጎተቱት፣ ጭቃውን የረገጡት የኢሉ ገበሬዎችና ያለ ፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት መደምደሚያ ግን ከጠያቂው የተለየ ነው። የገባሩ ታሪክ በመዝገብ እምብዛም አልተጻፈም። ሹሙ ደብዳቤ ጽፏል፣ ቆንስሉ ሪፖርት ልኳል፣ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ይዟል፤ ገባሩ ግን የሠራው ቤት እንጂ የጻፈው ደብዳቤ የለውም። ስለዚህ ያ ግድግዳ የጌታው ብቻ ሳይሆን የገባሩም ሰነድ ነው። ሲፈርስ የጌታው ስም በመጽሐፍ ይቀራል፤ የሚጠፋው የሠሪው እጅ ነው። ቤቱን ማቆየት ሹሙን ማወደስ ማለት አይደለም። በበሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ «ይህን ቤት እነማን፣ በምን ዓይነት ግዴታ ሠሩት?» የሚለውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሊናገር ይችላል፤ ሊናገርም ይገባል። እንዲህ ከሆነ አንድ ግቢ ለሁለት ዓይነት አያት ልጆች የሚነጋገሩበት ቦታ ይሆናል።

ቅርስ የምንለው የሹሞች ግቢ ብቻ እንዳይሆንም አደራ እላለሁ። በመቱ ከተማ የቡና ማበጠሪያና ማከማቻ የነበሩ ቤቶች፣ የእሑድና የቅዳሜ ገበያ የሚቆምባቸው ጥንታዊ ዋርካዎች፣ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በአንድ ቆጠራ ውስጥ መግባት አለባቸው። ጉባኤ የሚቀመጡበት የኦዳ ዛፍ ግድግዳ ስለሌለው ከመዝገብ መውጣት የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል? የሌላው ዓለምስ?

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሥነ ጥበባዊና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ሥራ አድርጎ ይገልጸዋል። የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል፤ በእጁ ቅርስ ያለው ሰው እንዲንከባከበው ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ ይመድባል። ችግሩ ሕጉ የሚሠራው ከመዝገብ ጋር መሆኑ ነው። ያልተመዘገበ ቤት በመሐንዲሱ ንድፍ ላይ እንደማንኛውም ቤት አንድ ቁጥርና አንድ የካሣ ሒሳብ ብቻ ነው። ሕጉ አለ፤ ሕጉ የሚያርፍበት ዝርዝር ግን በየወረዳው ገና መሠራት አለበት።

ሌላውም ዓለም ይህን የተማረው ከከሰረ በኋላ ነው። በኒው ዮርክ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ የተባለ ታላቅ ሕንጻ በ1963 እ.ኤ.አ. መፍረስ ሲጀምር በቦታው ስታዲየምና የቢሮ ሕንጻ ሊሠራ ነበር፤ ተሠራም። ሕዝቡ ግን ያጣውን ያወቀው ዓምዶቹ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲጫኑ ነው፤ ከተማው የታሪካዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ሕጉን በ1965 አወጣ። ሕጉ ሌሎች ሕንጻዎችን አዳነ፤ ያንን ጣቢያ ግን አልመለሰም።

ከጎረቤቶቻችንም የምንማረው አለ። አስመራ በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ሕንጻዎቿን ለራሷ ሕዝብ ታሪክ አድርጋ ይዛ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ የተገዢነት ዘመን ግንብ የተገዢው ሀብት ሊሆን እንደሚችል አሳየች። በዛንዚባር ደግሞ በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራውና «የተአምራት ቤት» የሚባለው ቤተ መንግሥት በዓለም ቅርስ ክልል ውስጥ ቆሞ ሳለ በታኅሣሥ 2020 አንድ ጎኑ ተንዶ በእድሳት ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚህ የምንረዳው መመዝገብም ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ የተመዘገበው ቤት ጣሪያው በጊዜው ካልተጠገነ መዝገቡ የሙት ዝርዝር ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ወደ ተግባር ልምጣ። የምናገረው ለጎሬ፣ ለመቱ፣ ለቡሬና ለያዮ ነው፤ የሚጠይቀውም ብዙ ገንዘብ አይደለም።

አንደኛ፣ እንቁጠር። የታሪክና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድነት ሜትርና ካሜራ ይዘው በየመንገዱ ይውጡ። ለእያንዳንዱ አሮጌ ቤት አንድ ገጽ ይበቃል፦ መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ከምን ተሠራ፣ እነማን ኖሩበት፣ ዛሬ ለምን አገልግሎት ይውላል፣ ጣሪያው እንዴት ነው። ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀዳ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሲያርፍ የሚዘጋው መዝገብ በየትኛውም ቤተ መዛግብት ቅጂ የለውም።

ሁለተኛ፣ እንመድብ። ሁሉም አሮጌ ነገር ይቆይ ማለት ከተማን ማሰር ነው። በፍጹም የማይነኩ ይኑሩ፤ የፊት ገጽታቸው ተጠብቆ ውስጣቸው የሚለወጥ ይኑሩ፤ ተለክተው፣ ተሥለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚፈርሱም ይኑሩ። ሦስተኛው ክፍል እንደሚበዛ እገምታለሁ፤ ነገር ግን ተሥሎ የፈረሰ ቤትና ሳይሣል የፈረሰ ቤት አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ እንስጥ። በግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚፈርስ ቤት ነዋሪውንም ታሪኩንም ያስደነግጣል። በውሳኔውና በዶዘሩ መካከል የተወሰነ የመጠባበቂያ ጊዜ ቢኖር ተከራካሪው ማስረጃውን ያቀርባል፤ ነዋሪው እድሩን ይዞ የት እንደሚሄድ ይመክራል፤ መሐንዲሱም መንገዱን ሁለት ሜትር ወዲህ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይመረምራል። አንዳንድ ጊዜ ቅርስን ለማዳን የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ሥራ እንስጣቸው። ባዶ የቆመ ቤት ሟች ነው። የቆንስላና የነጋዴ ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ የሴቶች ማኅበር ሱቅ፣ የቡና ታሪክ ማሳያ ሊሆን ይችላል። የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ሶር ፏፏቴ የሚመጣ እንግዳ ቡናው ከዚህ ደን ተለቅሞ በየት በኩል ወደ ዓለም እንደ ወጣ ጎሬ ላይ ቢያይ፣ ለከተማይቱ ነዋሪ ገቢ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጣሪያ፤ ቆርቆሮ መጠገን የቅርስ ጥበቃ ሀሁ ነው።

አምስተኛ፣ አዲሱንም በደንብ እንሥራ። የዛሬው መስታወት ለባሽ ሕንጻ በየከተማው አንድ ዓይነት ሆኗል፤ በአዳማ የቆመው በመቱም ይቆማል። የእኛ አገር ዝናብ ረጅም ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ መሠረት ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ አናጢዎች ይህን ያውቁ ነበር። አዲሱ ሕንጻ ከእነርሱ ይህን ቢማር ልጅ ልጆቻችን እርሱን ራሱን ለማቆየት ይከራከሩለት ይሆናል፤ የአፍሪካ አዳራሽ የገጠመው ዕድል ይህ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ልማት ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። የጎሬ እናት ከወንዝ ውኃ እየቀዳች የእኛን ቅርስ እንድትጠብቅልን መጠየቅ አንችልም። የምንጠይቀው ከአስተዳዳሪዎቻችን ጋር አንድ ቅደም ተከተል እንድንስማማ ነው፦ መጀመሪያ ቆጠራ፣ ቀጥሎ ምክክር፣ ከዚያ ውሳኔ፣ ዶዘር መጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ የምንሳሳተው እንኳ አውቀን ይሆናል።

ስትወጡ በበሩ አጠገብ ተማሪዎች ቅጽ ይዘው ይጠብቋችኋል። በቤታችሁ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የቦታ ውል ወይም የመርከብ ጭነት ወረቀት ያላችሁ ስማችሁንና ሰፈራችሁን አስመዝግቡ። ወረቀቱን አንወስድባችሁም፤ እዚያው ቤታችሁ መጥተን ቅጂውን እናነሣለን። የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ጎሬ ይሆናል፤ ክረምቱ ሳይገባ።